በላው የተባልሁት ሞተር

ሞተር በልተሃል ተብዬ ከሥራዬ ተባረርሁ፤ ሰው ሸሸኝ፤ ስሜ ጠፋ። ሞተሩን አልበላሁትም። ሞተር የሚበላ ሰው የለም። ይህን ለመጻፍ መጀመሪያ ፊደል መቁጠር ነበረብኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት ደግሞ ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ የልጅ ልጄ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ዘግይቻለሁ። ቢዘገይም ይጻፍ።

ከጎንደር ወጣ ብላ ባለች መንደር የተወለድሁ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል እንላለን። ሌላው የሚለንን አልጽፈውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማረሻ ሲሰበርበት ወደ እኛ ይመጣል። ልጁ ሲታመምበት ግን ዓይናቸው ነው፣ ቡዳ ናቸው፣ በልተውት ነው ይላል። ያው አንድ ሰው ነው እንዲህ የሚለውም፣ ማረሻውን የሚያስጠግነውም። አባቴ ይህን ሲሰማ መልስ አይሰጥም ነበር፤ ወናፉን ብቻ ጠበቅ አድርጎ ያናፋል። እኔ በዚህ አባቴን አልወጣሁም።

ጣሊያን ጎንደር ገብቶ ማኪና እንደ ጎርፍ ሲያመጣ ብረት የሚያውቅ እጅ ፈለገ። ከፋሲል ግቢ ዝቅ ብሎ ትልቅ የማኪና መጠገኛ ነበረው። እዚያ ገባሁ። መጀመሪያ ጎማ አነሣሁ፣ የተጣመመ ብረት አቃናሁ። ኋላ የጥገናው አለቃ፣ ካቦ የምንለው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን፣ እጄን አይቶ ወደ ሞተር አዛወረኝ። ወዶኝ አይደለም። እኛን የአገሩን ሰዎች የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ምግቡን የምናይበት ቦታ አይበላም። ግን ሥራ ሲያስተምር አይደብቅም ነበር። ይህን መመስከር አለብኝ።

ያስተማረኝ ብሮንዚን መግጠም ነው። የሞተር ሆድ ውስጥ ኮሎ የሚባል ጠማማ ብረት አለ፤ ፒስተኖቹ እየገፉት የሚሽከረከር፣ ማኪናውን የሚያስኬደው እሱ ነው። ያንን ኮሎ እንደ ቀለበት ግማሽና ግማሽ ሆኖ የሚያቅፈው ለስላሳ ብረት ብሮንዚን ይባላል። ካቦው ከሁሉ በፊት የነገረኝ ሁለቱ ብረቶች መነካካት እንደሌለባቸው ነው። ሲታዩ የተቃቀፉ ይመስላሉ እንጂ መሐላቸው የሚቆመው ዘይት ነው፤ ኮሎው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለዘይቱ መፈናፈኛ ትተውለታለህ። ካጠበብኸው ዘይት አይገባም፤ ብሮንዚኑ ይቃጠላል። ካሰፋኸው ዘይቱ ሾልኮ ያልቃል፤ ሞተሩም ይንኳኳል፣ ዕድሜው ያጥራል። ሰው ሁሉ ጥብቅ ያለ ነገር ጠንካራ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ማረሻ ስትገጥም እኮ አጥብቀህ ነው የምትመታው። ሞተር እንደዚያ አይደለም።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጥላሸት በዘይት ለውሰን ኮሎውን እንቀባለን፤ ብሮንዚኑን ገጥመን በእጅ እናዞራለን፤ እንፈታዋለን። ጥላሸቱ የነካው ቦታ ጎልቷል ማለት ነው፤ እሱን በመፋቂያ ላስ ላስ እናደርገዋለን። ደግሞ እንገጥማለን፤ ደግሞ እንፈታለን። መጨረሻ ላይ ካቦው ከሚጠቀልለው ትምባሆ አንዲት ስስ ወረቀት ቀዶ በብሮንዚኑና በኮሎው መሐል ያስገባታል። ወረቀቷ እያለች ኮሎው ከበድ ብሎ፣ እየተጎተተ መዞር አለበት። ወረቀቷ ስትወጣ ደግሞ እንደ ልቡ ይዞራል። ያን ጊዜ ምንም ሳይል ትምባሆውን በሌላ ወረቀት ይጠቀልላል። ምስጋናው ይኸው ነበር፤ እኔን ይበቃኝ ነበር።

ዘይቱንም እንደ አገሩ ያደርገው ነበር። ወደ ሳንጃ ቆላ ለሚወርድ ማኪና ወፍራም፣ ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ቀጭን። ማኪና የሚሞተው ዳገት ላይ ሳይሆን ጠዋት ሲነሣ ነው ይል ነበር፤ ዘይቱ በብርድ ረግቶ ከሥር ተኝቶ እያለ ብረቱ ደርቆ ሲዞር። ስለዚህ ደጋ የሚያድር ማኪና ቶሎ የሚደርስለት ዘይት ይፈልጋል፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ሳይታገሥ እግሩን መጫን የለበትም። ዛሬም ማኪና ያለው ሰው ሲያማክረኝ ከዚህ የተለየ የምነግረው የለኝም።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። የሚናፍቀኝ እሱ ነውና ስለ እሱ መጻፍ ይከብደኛል።

የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር። ክርስቲያን ነው። ከእኔ በዕድሜ ስለሚያንስ አያ ይለኝ ነበር፤ መጀመሪያ ለማሾፍ፣ ኋላ የምሩን። እናቱ መበለት ነበረች፤ እዚያው ጎንደር ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ዘይቱን አውጥታ ነው ያሳደገችው። ልብሱ ኑግ ይሸታል፤ ፀጉሩ ኑግ ይሸታል፤ የማኪናው መቀመጫ ሳይቀር ኑግ ይሸት ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች በጾም ቀን ሲያዩት ወጥ መጣልን ይሉት ነበር።

አዲስ ብሮንዚን የገባለት ማኪና መጀመሪያ ቀስ እያለ መለማመድ ስላለበት፣ ካቦው ድምፁን እንዳዳምጥ አብሬ እንድሄድ ያዝዘኝ ነበር። የእሱን ማኪና ብሮንዚን የገጠምሁት እኔ ነኝ። ከጎንደር ተነሥተን በዳባት አድርገን ደባርቅ እንወጣለን። ዳባት ላይ ጉሙ መንገዱን ይበላዋል፤ ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ መኖሩን ከሽታው ታውቃለህ እንጂ አታየውም። ከዚያ ጉሙ ሲገለጥ የሰሜን ተራሮች ድንገት ፊትህ ይቆማሉ። እሱ ያን ጊዜ መዝፈን ያቆማል። ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁ ግን ሸጋ አልነበረም።

በቆርቆሮ ጣሳ ቆሎ እንይዝ ነበር። ስንቆም ጣሳውን የሞተሩ ጭስ መውጫ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ቆሎው ይሞቃል። አንዴ እኔ ዘግኜ በመዳፉ አደርግለታለሁ፤ አንዴ እሱ ለእኔ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የእሱ እናት የእኔ እጅ የነካውን አትበላም። የእኔ እናት ደግሞ የእነሱን ቤት እህል አታስነካኝም፤ ከከተማ ስመለስ ታጠብ ትለኛለች። ቆሎ ግን ደረቅ ነው፣ ማኪና ላይ ነው የሞቀው፤ የሁለቱም ቤት ሕግ ያልደረሰበት ቦታ ያገኘን መሰለን። አንድ ቀን እየቆረጠመ፣ «አያ፣ እናቴ ብታየኝ ጠበል ትወስደኝ ነበር» አለኝ። እኔም፣ «የኔዋ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ትዘፍቀኝ ነበር» አልሁት። ሳቅን። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም ባሕሩ ተዘጋ። ጎማ ጠፋ፤ ቤንዚን ተቆጠበ፤ የሞተር ዘይት ከምጽዋ መምጣቱን አቆመ። ያረጀውን ዘይት በጨርቅ እያጣራን መልሰን ማፍሰስ ጀመርን። ትእዛዝ ወጣ፦ ዘይቱ ከምልክቱ በታች የወረደ ማኪና ይቁም፣ ሾፌሩም ምሽግ ቁፋሮ ይሂድ። ምሽግ ቁፋሮ የሄደ ሰው ሲመለስ አይተን ስለማናውቅ ሾፌሮቹ ሁሉ ዘይት ዘይት እያሉ እንደ ጠማው ሰው ይዞሩ ነበር።

የወዳጄ ማኪና ግን ዘይት አይጎድለውም። በየሳምንቱ መለኪያውን መዝዤ ሳየው ሙሉ ነው። ምነው ያንተ አይጎድል ብዬ ጠየቅሁት። ካቦው ደብቆ ይሰጠኛል አለኝ። አመንሁት። ዘይቱ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ስለነበር ዓይኔ ምንም አልነገረኝም። ሽታውን ቢሆን፣ ሰውዬው ራሱ ኑግ እየሸተተ ማኪናው ኑግ ሸተተኝ ብዬ ማንን እጠይቃለሁ። ሞተሩማ ከወትሮው ይልቅ ዝም ያለ ነበር። የእጄ ሥራ መስሎኝ ኮራሁ።

እኔ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሣሪያዬን ሰብስቤ ወደ መንደሬ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ሰንበቴ ነው፤ እሳት አልነካም፣ ብረት አልነካም። ካቦው እያጉረመረመም ቢሆን ለምዶት ነበር። ዘይቱ የሚጨመረው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ በሌለሁበት ነበር። ይህን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ የወዳጄ ማኪና ያለ እኔ ደባርቅ ወጥቶ አደረ። በማግሥቱ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ነበር አሉ። ወዳጄ አስነሣው፤ ጥቂት እንደሄደ ሞተሩ ጮኸና ነከሰ፤ ኮሎው ብሮንዚኑ ላይ ተጣብቆ ቆልፎ ቀረ ማለት ነው። ጭነቱን በሌላ ማኪና አወረዱት፤ ያኛውን ጎትተው መንገድ ዳር ጣሉት።

እኔ ወሬውን የሰማሁት መጠገኛው በር ላይ ነው። ሾፌሮቹ ቆመዋል። አንደኛው እንዳየኝ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ሌላው፣ በጣም ተረበኛ የሆነው፣ «ወንድሜ፣ በጥሬው ነው የበላኸው ወይስ ጨው ነስንሰህ?» አለኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅሁ። ሞተሩን አለኝ። የሳቀም ነበር፣ ያልሳቀም ነበር። የፈራሁት ያልሳቁትን ነው። የገጠምሁትን ሞተር እያቆላመጥሁ ሳየው እንደነበር፣ ድምፁን ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ እንደነበር አንድ በአንድ አወሩ። እውነት ነው፤ አደርግ ነበር። ሥራዬ ነዋ። በሳምንቱ ማኪኖቹ ሁሉ ኮፈናቸው ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አስረው መጡ፤ ባለፍሁ ቁጥር ይሸተኝ ነበር።

ካቦው በቡዳ አያምንም። እሱ ሌላ ነገር አለ። ጣቶቹን እርስ በርስ አጣብቆ አሳየኝ፤ አጥብበኸዋል ማለቱ ነው። ወረቀቷን አንተው ራስህ ለክተሃል አልሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። ማኪናው ደባርቅ ነው፤ ማን ሄዶ ሊከፍተው። በሾፌሮቹ ነገር ተናደድሁ፤ በእሱ ነገር ግን አመመኝ። ቡዳ ነህ ያለኝ ሰው እኔን አያውቀኝም። አጥብበኸዋል ያለኝ ሰው እጄን ያውቃል።

ወዳጄ በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ቃል አልተነፈሰም። እያዩን ወደ እሱ ሄድሁና ከኪሴ ቆሎ ዘግኜ ዘረጋሁለት። መዳፌን አየ። ሰዎቹን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ጠግቤአለሁ አያ አለኝ። ገና ጠዋት ነበር።

በዚያው ቀን ተባርሬ ወጣሁ።

ወደ አባቴ ወናፍ ተመለስሁ። ማረሻ ቀጠቀጥሁ፣ ማጭድ ቀጠቀጥሁ። ደህና ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ግን ማረሻ አይሽከረከርም። ጠዋት ጠዋት በወለቃ በኩል ወደ ዳባት የሚወጣ ማኪና ድምፅ ስሰማ መዶሻዬ ይቆማል። ይኼኛው ብሮንዚኑ ሰፍቷል፣ ይኼኛው ዘይቱ ቀጥኖበታል እላለሁ ለራሴ። የእሱ ዘፈን የሚሰማኝም ይመስለኝ ነበር፤ ግን ማኪናው የለም፣ እሱም በሌላ ማኪና በሌላ መንገድ ወደ እንፍራንዝ ይሠራ ነበር። ቆሎ መብላት ተውሁ። እናቴ ምነው ልጄ ስትለኝ ጥርሴን ያመኛል አልኋት።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛው መጣ። መንገዱ ተቆረጠ፤ አውሮፕላን ከተማውን ደበደበ፤ ክረምቱ ረሃብ ነበር። ኅዳር ላይ ጣሊያን እጁን ሰጠ። ምርኮኞቹ በሰልፍ ሲያልፉ ካቦውን አየሁት። ሸምግሎ ነበር፤ የሚጠቀልለው ትምባሆም ያለው አይመስልም። ልጠራው አፌን ከፈትሁ። ምን ብዬ? አላጠበብሁትም ብዬ? ማስረጃዬ ደባርቅ መንገድ ዳር ዝጓል። ሰልፉ አለፈ። ሄደ። እስከ ዛሬ ድረስ አጥብቦታል እንዳለኝ ነው የማውቀው።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ወዳጄ መንደራችን መጣ። ከስቶ ነበር። ያንን ማኪና ከደባርቅ አስጎትቶ ጎንደር እንዳወረደው፣ ሞተሩ ቢነሣለት እንጀራው እሱ እንደሆነ፣ ብሮንዚን የሚፍቅ እጅ ደግሞ በከተማው እንደጠፋ ነገረኝ። ስለ ሌላው ነገር ምንም አላነሣም። እኔ አንድ ነገር ብቻ አልሁት፦ በላህ ያሉኝ ሰዎች ባሉበት እከፍተዋለሁ፤ አለዚያ አልነካውም። እሺ አለኝ።

ቀኑን የቆረጥነው ለጥምቀት ማግሥት፣ ለሚካኤል ነው። በዚያ ቀን ሾፌሩ ሁሉ ከተማ ውስጥ ስለሚሆን ነው። ታቦቱን ከሸኙ በኋላ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ መጠገኛው ግቢ መጡ። ተረበኛው ሰውዬም ነበር። ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ከማኪናው ሥር ገብቼ የዘይት መያዣውን ቡሎን መፍታት ልጀምር ስል ወዳጄ ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝ። ሞተሩ ከተጣለ ወዲህ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነው።

«አያ፣ አትክፈተው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ኑግ ነው። ከእናቴ ቤት እያመጣሁ ያፈሰስሁበት እኔ ነኝ» አለ።

ከማኪናው ሥር ወጣሁ። ለምን ዝም እንዳለ እሱው ራሱ ተናገረ። በጦር ማኪና ላይ የወጥ ዘይት አፈሰስሁ ቢል ጣሊያን ሆን ብለህ ገደልኸው ብሎ ይሰቅለው ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ከዚያ ባነሰም ሰቅለዋል። ይህን ስለማውቅ እስከ ኅዳር ድረስ ያለውን ልፈርድበት አልቻልሁም።

«ጣሊያን ኅዳር ላይ ወጣ» አልሁት። «ታኅሣሥን ምን ስትሠራ ከረምህ?»

«አፈርሁ» አለ።

መልሶ ሥሩ ገባሁና ከፈትሁት። የኑግ ማሰሮ አፍ ላይ ዘይቱ ሲሰነብት የሚሠራውን ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ቆዳ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። የሞተሩ ሆድ እሱን ለብሶ ነበር። የዘይቱ ቀዳዳዎች ተደፍነው ነበር። የሞተር ዘይት ቢሰነብትም ዘይት ነው፤ ኑግ ግን በሙቀት ሲመላለስ ይረጋል፣ ይደርቃል፣ ሙጫ ይሆናል። ደባርቅ በረደው፤ ያቺ የተረፈችውም ቀዳዳ ተዘጋች። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ እየተጎነበሱ አዩ፤ አሸተቱ። ተረበኛው ቀና ሲል ጆሮውን እያከከ፣ «ለካ ሽሮ ብቻ ነው የጎደለው» አለ። ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን አልጨረስሁም። ሌሎቹ ብሮንዚኖች ቀልጠዋል፤ አንደኛው፣ የመጨረሻው፣ ግን ደህና ነበር። የተለበጠበትን ቆዳ በጋዝ አጥቤ አነሣሁለት። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ጠይቄ ወረቀት ቀደድሁና መሐል አስገብቼ ገጠምሁት። በእጄ አዞርሁት። ከበደኝ፤ ተጎተተ። ፈትቼ ወረቀቷን አወጣሁና ደግሜ ገጠምሁት። እንደ ልቡ ዞረ፤ አላጠበብሁትም። ይህንን ከዚያ ሁሉ ሰው የተረዳው አልነበረም። የሚረዳው ሰው ምርኮኛ ሆኖ ሄዷል። እጄን እያበስሁ ለብዙ ጊዜ ተንበርክኬ ቀረሁ።

ማኪናውን አነሣሁለት። ግን አብረን ደባርቅ አልወጣንም። እንግሊዞች የቀሩትን ማኪኖች ሲሰበስቡ ያንንም ወሰዱት፤ እሱም ሥራ ፍለጋ ወደ አሥመራ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። እኔም ስንቱን ሞተር ገጠምሁ፣ ስንቱን ዳገት ወጣሁ፤ ጭስ መውጫ ላይ ጣሳ ያስቀመጥሁበት ቀን ግን የለም። ኑግ ሲቆላ ከሩቅ ሲሸተኝ መንገድ እቀይራለሁ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።

በዚያ የሚካኤል ቀን የሆነው የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ተነሥቼ ስቆም ወዳጄ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ነጭ ልብሱ በዘይት ተበላሽቷል። መዳፉን ዘረጋ። ኪሴን ዳሰስሁ። ቆሎ መብላት የተውሁ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከቤት ስወጣ ይዤ ነበር። ዘግኜ መዳፉ ላይ አደረግሁለት። ሰው ሁሉ እያየ፣ እጄ ላይ ያለው ዝቃጭ ከቆሎው ጋር ተለውሶ እያለ፣ ሁሉንም በላው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ሞተሩ ገና አልተነሣም። ቀኑ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፬ ዓመተ ምሕረት ነበር።